የዕለቱ የመጨረሻ ምዝገባ፤ በኮምፒዩተር ከተያዘ መዝገብ የየቀኑን መዝጊያ ስለ ማውጣት

በክብረ መንግሥት፣ በሻኪሶ፣ በነገሌና እስከ ሞያሌ ድረስ ባሉት ከተሞች በንግድ ሥራ የሚተዳደር ሰው ሁሉ ማታ ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት የማይተወው አንድ ልማድ አለው። መዝገቡን ይገልጣል፤ በዚያ ቀን የተጻፈውን የመጨረሻ መስመር ይመለከታል፤ ከሥሩም አስምሮ «የዕለቱ መዝጊያ ይህ ነው» ይላል። መዝገቡ ወረቀት እስከ ሆነ ድረስ ለዚህ ሥራ ልዩ ዕውቀት አያስፈልግም። የመጨረሻው መስመር ማለት ከሁሉ በታች የተጻፈው ስለ ሆነ ዓይን ብቻ ይበቃል።

ዛሬ ግን ብዙው ነጋዴ መዝገቡን ወደ ኮምፒዩተር አዛውሯል። የወርቅ አቅራቢው በየሰዓቱ የሰማውን ዋጋ፣ ቡና ላኪው የባንኮችን የምንዛሪ ተመን፣ ባለሱቁም በቴሌብር የገባለትንና የወጣበትን ገንዘብ የሚያስቀምጠው በኮምፒዩተር ነው። ከዚህ በኋላ የሒሳብ ሠራተኛውን ጠርቶ «ያለፈውን ወር የየቀኑን መዝጊያ አውጣልኝ» ብሎ ሲያዝ፣ ነገሩ እንደ ወረቀቱ ጊዜ የቀለለ ይመስለዋል። ነገር ግን ይህ ትእዛዝ ለጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ስሕተት ከሚበዛባቸው ሥራዎች አንዱ ነው። የስሕተቱም ክፋት ኮምፒዩተሩ «አልገባኝም» ብሎ እንደ መቆም፣ ዓምዱ የተስተካከለና አኃዙ የተሟላ ዝርዝር አትሞ መስጠቱ ነው። ነጋዴውም በዚያ ዝርዝር ላይ ተማምኖ ይከፍላል፤ ወይም ያስከፍላል።

ስለዚህ የዕለቱ የመጨረሻ ምዝገባ እንዴት በትክክል እንደሚወጣ፣ ስሕተቱም ከየት እንደሚመጣ በዚህ ጽሑፍ እናስረዳለን። አንባቢው ራሱ ትእዛዙን ለኮምፒዩተር የሚጽፍ ባይሆንም፣ የሚጽፍለትን ሰው ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚገባው ያውቅ ዘንድ ይጠቅመዋል።

ኮምፒዩተር «ከታች» የሚባለውን አያውቅም

ዛሬ አብዛኛው የንግድ መዝገብ የሚቀመጠው በሠንጠረዥ በተደራጀ የመረጃ ቋት ውስጥ ነው። የዚህን አሠራር መሠረት እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ የጣለው ኤድጋር ኮድ የተባለ የአይ ቢ ኤም ኩባንያ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ የዚያው ኩባንያ ሠራተኞች የነበሩት ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ከመረጃው ቋት ጋር የሚነጋገሩበትን ቋንቋ አቀረቡ። ይህም ቋንቋ ዛሬ ኤስ ኪው ኤል እየተባለ የሚጠራው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ዘንድ እንደ ደረጃ ጸድቆ ከዚያ ወዲህ በዓለም ሁሉ ሲሠራበት ቆይቷል።

በኮድ ሐሳብ መሠረት ሠንጠረዥ ማለት የረድፎች ስብስብ ነው። በጆንያ ውስጥ ያለው የቡና ፍሬ «ፊተኛው» እና «ኋለኛው» እንደማይባል ሁሉ፣ በሠንጠረዥ ውስጥ ያሉትም ረድፎች በራሳቸው ተራ የላቸውም። ኮምፒዩተሩ ረድፎቹን ዛሬ በገቡበት ተራ ቢያሳይም ነገ በሌላ ተራ ሊያሳይ ይችላል፤ ይህን በማድረጉም ውል አፈረሰ አይባልም። ስለዚህ «የመጨረሻውን አምጣ» ከማለታችን በፊት «የመጨረሻ» ማለት በምን ተለክቶ እንደ ሆነ መናገር ግዴታችን ነው። የወረቀቱ መዝገብ ሳንጠይቀው ይጠብቅልን የነበረውን ተራ አሁን ራሳችን በቃል ማዘዝ አለብን። የችግሩ ሁሉ ሥር ይኸው ነው።

አንድ ምሳሌ

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በክብረ መንግሥት የሚኖር፣ ፈቃድ ያለው አንድ የወርቅ አቅራቢ ነጋዴ አለ እንበል። የአንድ ግራም ዋጋ በተለወጠ ቍጥር ሰዓቱንና ዋጋውን በኮምፒዩተር ያስመዘግባል። ከዚህ በታች ያሉት አኃዞች ለማስረዳት ብቻ የተመረጡ ናቸው።

1ኛ ምዝገባ፤ ሰኞ ከጧቱ 3 ሰዓት፤ 14,200 ብር።
2ኛ ምዝገባ፤ ሰኞ ከቀኑ 6 ሰዓት፤ 14,350 ብር።
3ኛ ምዝገባ፤ ሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት፤ 14,180 ብር።
4ኛ ምዝገባ፤ ማክሰኞ ከጧቱ 3 ሰዓት ተኩል፤ 14,220 ብር።
5ኛ ምዝገባ፤ ማክሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት፤ 14,300 ብር።
6ኛ ምዝገባ፤ ሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት፤ 14,270 ብር።

6ኛው ምዝገባ ከሰኞ ወደ ኋላ የቀረበት ምክንያት አለው። የነጋዴው ወኪል ሰኞ ዕለት በሻኪሶ ሳለ በወረቀት ጽፎት ኖሮ፣ ወረቀቱ ከጽሕፈት ቤቱ የደረሰው ማክሰኞ ማታ ነበር። እንዲህ ያለው መዘግየት በአካባቢያችን እንግዳ ነገር አይደለም።

ነጋዴው ሰኞ ዕለት 500 ግራም ወርቅ ተረክቦ «በሰኞ መዝጊያ ዋጋ እንተሳሰባለን» ብሎ ከደንበኛው ጋር ተዋውሏል። ትክክለኛው መዝጊያ በ3ኛው ምዝገባ ያለው 14,180 ብር ነው፤ ሰኞ ዕለት በሰዓት ከእርሱ የሚዘገይ ሌላ ምዝገባ የለምና። ሒሳቡም 7,090,000 ብር ይሆናል።

ሁለት የተለመዱ ስሕተቶች

የመጀመሪያው ስሕተት ከሁሉ የሚበዛው ነው። የሒሳብ ሠራተኛው ምዝገባዎቹን «ግሩፕ ባይ» በሚለው ትእዛዝ በየቀኑ ይከፋፍልና፣ «ማክስ» በሚለው ትእዛዝ ከሰዓቱ ትልቁን፣ ከዋጋውም ትልቁን እንዲሰጠው ይጠይቃል። ኮምፒዩተሩም ታዛዥ ነውና «ሰኞ፣ 11 ሰዓት፣ 14,350 ብር» ብሎ ይመልሳል። ሰዓቱ ከ3ኛው ምዝገባ፣ ዋጋው ግን ከ2ኛው ምዝገባ የተወሰደ ነው። ሰኞ በ11 ሰዓት 14,350 የሚባል ዋጋ ከቶ አልነበረም፤ ከሁለት እውነተኛ ረድፎች አንድ ሐሰተኛ ረድፍ ተሠፋ። በዚህ ዋጋ ቢከፈል ሒሳቡ 7,175,000 ብር ይሆናል፤ ነጋዴውም ያለ አግባብ 85,000 ብር ይከፍላል ማለት ነው።

ዋጋውን ያለ «ማክስ» እንዲሁ ቢጠይቅስ? ብዙዎቹ የመረጃ ቋቶች ትእዛዙን አይቀበሉም። ማይ ኤስ ኪው ኤል የተባለው ግን እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ድረስ በነበሩት ዕትሞቹ ልዩ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር ዝም ብሎ ይቀበልና፣ ከዚያ ቀን ረድፎች ውስጥ ያገኘውን አንዱን ዋጋ ይሰጥ ነበር። ከ5.7ኛው ዕትም ወዲህ ይህን መከልከል ልማዱ ሆኗል። ሆኖም የቆየ ሶፍትዌር የሚጠቀም ነጋዴ ይህን ነገር ማስመርመር ይገባዋል።

ሁለተኛው ስሕተት የምዝገባውን ተራ ቍጥር እንደ ሰዓት መቍጠር ነው። ሠራተኛው «ከሰኞ ምዝገባዎች ትልቁን ቍጥር የያዘው የመጨረሻው ነው» ብሎ ቢያዝ 6ኛውን ምዝገባ ያገኛል። ዋጋው 14,270 ብር፣ ሒሳቡም 7,135,000 ብር ይሆናል፤ ልዩነቱ 45,000 ብር ነው። ተራ ቍጥሩ የሚነግረን ነገሩ በመዝገብ የገባበትን ተራ እንጂ ነገሩ የተደረገበትን ተራ አይደለም። ወረቀቱ ዘግይቶ በደረሰ፣ መብራት በጠፋ፣ መስመር በተቋረጠ ቍጥር እነዚህ ሁለቱ ይለያያሉ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ምዝገባ ሁለት ሰዓቶች ቢጻፉ ይመረጣል፤ አንዱ ነገሩ የተደረገበት፣ ሁለተኛው የተመዘገበበት።

ትክክለኛው መንገድ

ትክክለኛው መንገድ ሁለት ዓይነት ነው።

ቀደምተኛው መንገድ በሁለት እርምጃ ይሠራል። በመጀመሪያ ለየቀኑ የመጨረሻው ሰዓት ብቻ ይወጣል፤ «ሰኞ 11 ሰዓት፣ ማክሰኞ 10 ሰዓት» እንደ ማለት ነው። ቀጥሎም ይህ አጭር ዝርዝር «ጆይን» በሚለው ትእዛዝ ከዋናው ሠንጠረዥ ጋር ይገጣጠምና፣ ቀኑና ሰዓቱ የተስማማው ረድፍ ሙሉውን ይወሰዳል። ሰዓቱና ዋጋው ከአንድ ረድፍ ስለሚመጡ የመጀመሪያው ስሕተት አይደርስም። ይህ መንገድ በማናቸውም የመረጃ ቋት፣ በአሮጌውም ጭምር ይሠራል።

ሁለተኛው መንገድ ለረድፎቹ በየቀናቸው ውስጥ ተራ መስጠት ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ትእዛዝ «ሮው ነምበር» ይባላል። «ፓርቲሽን ባይ» በሚለው ቃል ረድፎቹ በየቀናቸው ይለያሉ፤ «ኦርደር ባይ» በሚለው ቃል በየቀኑ ውስጥ በሰዓታቸው ይሰለፋሉ፤ «ዴስክ» የሚለው ቃል ሲጨመርበት ሰልፉ ከኋላ ወደ ፊት ይሆናል። እንዲህ ሲደረግ የየቀኑ የመጨረሻ ረድፍ 1 ቍጥርን ያገኛል። ቀሪው ሥራ 1 ቍጥር የያዙትን ብቻ መውሰድ ነው። ነገር ግን ተራ የሚሰጠውና የሚመርጠው አንድ ትእዛዝ ሊሆን አይችልም። ተራ የሚሰጠው በውስጥ ሆኖ አስቀድሞ ይፈጸማል፤ የሚመርጠው «ዌር» በውጭ ሆኖ ይከተለዋል።

ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው የቋንቋው ደረጃ ውስጥ ተካቷል። ፖስትግሬስ የተባለው የመረጃ ቋት በ2009፣ ማይ ኤስ ኪው ኤልና ኤስ ኪው ላይት ደግሞ በ2018 ተቀብለውታል። ፖስትግሬስ ከዚህ ሌላ «ዲስቲንክት ኦን» የሚባል የራሱ አጭር ትእዛዝ አለው፤ እርሱም በሰልፍ ከቆሙት ከየቀኑ የፊተኛውን አንድ ረድፍ ብቻ ያስቀራል።

ነጋዴው ከአንድ በላይ ዕቃ ወይም ከአንድ በላይ ቅርንጫፍ ያለው ከሆነ፣ ረድፎቹ በቀን ብቻ ሳይሆን በዕቃውና በቅርንጫፉም ጭምር መለየት አለባቸው። ይህ ከተረሳ የነገሌው ሱቅ መዝጊያ የክብረ መንግሥቱን ሱቅ መዝጊያ ይሸፍነዋል፤ ለቀኑ አንድ ረድፍ ብቻ ይወጣና ሌላው ያለ ድምፅ ይጠፋል።

ቀን የሚጀምረው መቼ ነው?

እስካሁን «ሰኞ» እና «ማክሰኞ» ስንል ሁሉም ሰው አንድ ነገር የሚረዳ መስሎን ነበር። ግን እንዲህ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ዕለት የሚጀምረው ከዋዜማው ማታ ነው፤ በእስልምና አቈጣጠርም ዕለት የሚለወጠው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ሰዓታችንን የምንቈጥረው ከንጋት ስለ ሆነ፣ ሕዝቡ በንግግሩ ሌሊቱን ሁሉ ካለፈው ቀን ጋር ያያይዘዋል። ኮምፒዩተር ግን ቀን የሚለውጠው በእኩለ ሌሊት፣ በእኛ አነጋገር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ያውም የማን እኩለ ሌሊት?

ብዙ ሰርቨሮች ሰዓት የሚይዙት ዩ ቲ ሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ኢትዮጵያ ከዚህ ሰዓት በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ ልዩነቱም ዓመቱን በሙሉ አይለወጥም። ስለዚህ የእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ በዚያ ሰርቨር ዘንድ ገና ያለፈው ቀን ነው። በነገሌ መንገድ ሌሊት የሚሠራ የነዳጅ ማደያ ማክሰኞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የቆጣሪውን ንባብ ቢመዘግብ፣ ሰርቨሩ ያን ንባብ የሰኞ መዝጊያ አድርጎ ያወጣዋል። የሰኞ ሽያጭ ይጨምራል፤ የማክሰኞ ይጐድላል፤ የሌሊቱ ቀጂ ግን በደሉ አይታወቀውም። መድኃኒቱ ሰዓቱን አስቀድሞ ወደ ኢትዮጵያ ሰዓት መለወጥና ቀኑን ከዚያ በኋላ መቍረጥ ነው። ተራው ከተገለበጠ ግን ምንም አይጠቅምም።

የሥራ ቀኑ በንጋት እንዲለወጥ የሚፈልግ ሆቴል ወይም ማደያ ቢኖር መንገዱ ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ምዝገባ ሰዓት ላይ 6 ሰዓት ቀንሶ ቀኑን ከቀሪው መውሰድ ነው። ማክሰኞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተደረገው ነገር ያን ጊዜ ከሰኞ ጋር ይቈጠራል።

የሰዓት አጻጻፍም ሌላ ወጥመድ አለው። ሠራተኛው በእኛ አቈጣጠር «11 ሰዓት» እና «2 ሰዓት» ብሎ ቢጽፍ፣ ኮምፒዩተሩ የከምሽቱን 2 ሰዓት ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ያደርገዋል፤ 2 ከ11 ያንሳልና። ስለዚህ በመዝገቡ ውስጥ ሰዓቱ በ24 ሰዓት አቈጣጠር ይቀመጥ። ከቀኑ 11 ሰዓት 17፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት 20 ተብሎ ይጻፋል። ለአንባቢ ሲታይ ብቻ ወደ እኛ አነጋገር ይመለስ። ዓምዱም የጽሑፍ ዓምድ ሳይሆን በእርግጥ የቀንና የሰዓት ዓምድ ይሁን፤ በጽሑፍ ዓምድ 10 ከ9 በፊት ይሰለፋልና።

ከለንደን የሚመጣ ትምህርት

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከባህላዊ አምራቾች ወርቅ የሚገዛው የዓለምን ገበያ ዋጋ መሠረት አድርጎ ስለ ሆነ፣ የክብረ መንግሥት ወርቅ ነጋዴ ለንደንን መመልከቱ አይቀርም። በለንደን የወርቅ ዋጋ በስምምነት መወሰን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1919 ነው። እስከ 1968 ድረስ በቀን አንድ ጊዜ ይወሰን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሆነ። ይኸውም በለንደን ሰዓት ከረፋዱ 10፡30 እና ከቀትር በኋላ 15፡00 ላይ ነው። እንግዲህ በለንደን የዕለቱ የመጨረሻ ዋጋ የሚባለው ከቀትር በኋላ የሚወጣው ነው።

የለንደን ሰዓት ግን በበጋና በክረምት ይለዋወጣል። በእነርሱ በጋ፣ ማለትም ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ገደማ ድረስ በእኛ ወራት፣ ሁለተኛው ጨረታ የሚጀመረው በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። በእነርሱ ክረምት ደግሞ በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይሆናል። አሁን አንድ ነጋዴ መዝገቡን ዘወትር በ11 ሰዓት ተኩል የሚዘጋ ቢሆን፣ በአንደኛው ወቅት የሚያገኘው የመጨረሻ ምዝገባ ከቀትር በኋላ የወጣው ዋጋ ነው። በሌላው ወቅት ግን ያ ዋጋ ገና ስላልደረሰ የረፋዱን ዋጋ «መዝጊያ» ብሎ ይይዛል። ትእዛዙ አልተለወጠም፤ ሠራተኛውም አልተሳሳተም፤ ነገር ግን «የዕለቱ የመጨረሻ ዋጋ» የሚለው ቃል በዓመት ሁለት ጊዜ ትርጕሙን ይለውጣል። ይህን ያላስተዋለ ሰው ዝርዝሩን ለሁለት ዓመት ቢመረምር እንኳ ምክንያቱን አያገኘውም።

የተሰረዘ፣ የተደገመ፣ የሌለ

ሦስት ጥቃቅን የሚመስሉ ጕዳዮች ይቀራሉ።

አንደኛ፣ በስሕተት ተመዝግቦ በኋላ የተሰረዘ ረድፍ። የሰኞ የመጨረሻ ረድፍ የተሰረዘ ቢሆን፣ ሠራተኛው መጀመሪያ የመጨረሻውን መርጦ በኋላ የተሰረዘውን ቢያወጣ ሰኞ ከዝርዝሩ ጨርሶ ይጠፋል። የተሰረዘው አስቀድሞ ከወጣ ግን ከእርሱ በፊት የነበረው ትክክለኛ ረድፍ ቦታውን ይይዛል። ስለዚህ ማጥራቱ ከመምረጡ ይቅደም።

ሁለተኛ፣ በአንድ ሰዓትና ደቂቃ የተመዘገቡ ሁለት ረድፎች። ከላይ ያልነው የመገጣጠም መንገድ ሁለቱንም ያወጣቸዋል፤ ድምር የሚሠራ ሰውም ሁለት ጊዜ ይቈጥራል። ተራ የመስጠቱ መንገድ አንዱን ብቻ ይሰጣል፤ ግን የትኛውን እንደሚሰጥ ካልታዘዘ ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ሰዓታቸው እኩል ሲሆን በምዝገባው ቍጥር ይለዩ ተብሎ በትእዛዙ ውስጥ ይጨመር። የተራ ቍጥር ተገቢ አገልግሎቱ ይህ ነው፤ ዳኛ ሳይሆን አስታራቂ።

ሦስተኛ፣ ምንም ያልተመዘገበበት ቀን። የከብት ነጋዴ በገበያ ቀን ብቻ ዋጋ ይመዘግባል፤ ለንደንም በቅዳሜና በእሑድ የወርቅ ዋጋ አትወስንም። ኮምፒዩተሩ ከሌለ ረድፍ ምንም ሊያወጣ ስለማይችል እነዚያ ቀኖች በዝርዝሩ ውስጥ አይታዩም። የየቀኑ ዋጋ ግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ለብቻው የቀኖች ሠንጠረዥ ይዘጋጅ፤ ለእያንዳንዱም ቀን እስከ ዕለቱ ፍጻሜ ድረስ ከተመዘገቡት ሁሉ የመጨረሻው ይፈለግ። እንዲህ ሲደረግ የቅዳሜና የእሑድ ዋጋ የዓርቡ መዝጊያ ይሆናል። ነገር ግን ከቀድሞ ቀን የተወሰደ መሆኑ በአጠገቡ ይመልከት፤ አለዚያ አሮጌው ዋጋ አዲስ መስሎ ይነበባል።

የቀኑን ዳርቻ ሲወስኑም «እስከ 23 ሰዓት ከ59 ደቂቃ» ማለት አይገባም፤ በመጨረሻዋ ደቂቃ ውስጥ የገባው ምዝገባ ሊወድቅ ይችላልና። «ከሰኞ መጀመሪያ ጀምሮ፣ ከማክሰኞ መጀመሪያ በፊት» ማለት ግን ምንም አያስወድቅም።

ለላኪው፣ ለአስመጪውና ለባለሱቁ

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ ባንኮች የመግዣና የመሸጫ ተመናቸውን ራሳቸው ያወጣሉ። ስለዚህ አስመጪና ላኪ «የዕለቱ ተመን» ሲል የየትኛው ባንክ፣ መግዣው ወይስ መሸጫው፣ ረፋድ የወጣው ወይስ የመጨረሻው እንደ ሆነ ካልተናገረ ምንም አልተናገረም። ረድፎቹም በባንክ፣ በገንዘቡ ዓይነትና በቀን ተለይተው መሰለፍ አለባቸው።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ትንሹ ባለሱቅ እንኳ በየደቂቃው የሚለዋወጥ ቀሪ ሒሳብ አለው። የዕለቱ ቀሪ ማለት ከመጨረሻው ገቢ ወይም ወጪ በኋላ የቀረው ነው እንጂ፣ በዕለቱ ከታዩት ቀሪዎች ትልቁ አይደለም። ጧት 40,000 ብር የነበረው ሰው ለጅምላ ሻጩ ከፍሎ ማታ 6,000 ብር ቢቀረው፣ «ማክስ» የሚለው ትእዛዝ 40,000 ብር አለህ ይለዋል። በዚያ ተማምኖ ለሌላ ሰው ቃል የሚሰጥ ነጋዴ ስሙን ያጠፋል።

ስለዚህ ነጋዴው ዝርዝሩን ከመቀበሉ በፊት የሒሳብ ሠራተኛውን እነዚህን ይጠይቅ። የመጨረሻ ያልከው በተደረገበት ሰዓት ነው ወይስ በተመዘገበበት? ቀኑን የቈረጥኸው በየትኛው አገር ሰዓት ነው? ሰዓቱና ዋጋው ከአንድ ረድፍ ናቸውን? የተሰረዘውን ያወጣኸው ከመምረጥህ በፊት ነውን? ሰዓታቸው እኩል ሲሆን በምን ትለያለህ? ምዝገባ የሌለበትን ቀን ምን አደረግኸው? መልሱ ፈጥኖ ካልመጣ ዝርዝሩ ገና አልበሰለም።

ለማረጋገጥም ሁለት ቀላል መንገዶች አሉ። አንደኛው፣ በዝርዝሩ ያሉት ረድፎች ብዛት ምዝገባ ካለባቸው ቀኖች ብዛት ጋር እኩል መሆኑን መቍጠር ነው። ዕቃው ብዙ ከሆነ ለየዕቃው ለብቻ ይቈጠር። ከበዛ የተደገመ አለ፤ ካነሰ የጠፋ አለ። ሁለተኛው፣ ሦስት ቀን መርጦ ሁሉንም ምዝገባ በወረቀት አሳትሞ በዓይን ማስተያየት ነው። ከሦስቱ አንዱ ወረቀት ዘግይቶ የደረሰበት ቀን ይሁን፤ ስሕተት የሚደበቀው እዚያ ነውና።

በመጨረሻም፣ ለኮምፒዩተሩ የምናስረዳውን ያህል ለተዋዋያችንም ማስረዳት እንዳለብን አይዘንጋ። «በዕለቱ መዝጊያ ዋጋ» የሚል ውል፣ የማን ዋጋ፣ በየትኛው ሰዓት የሚዘጋ፣ ዋጋ ባልወጣበት ቀን በምን የሚተካ መሆኑን ካልገለጸ፣ ጕድለቱ ከኮምፒዩተሩ ሳይሆን ከወረቀቱ ነው። ከላይ ያየነው ነጋዴና ደንበኛው «መዝጊያ ማለት በክብረ መንግሥት ጽሕፈት ቤት ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ከተደረጉት በሰዓት የመጨረሻው ዋጋ ነው» ብለው አንድ መስመር ቢጽፉ ኖሮ፣ 14,350ም 14,270ም ለክርክር አይቀርቡም ነበር።